ወናፉን የሚያናፋው ማን ነው?

ወናፍን ሁላችሁም ታውቃላችሁ። ቀጥቃጩ እሳቱን የሚያነድበት ነው። ዋሽንትንም ታውቃላችሁ። እረኛው ይነፋዋል። እስቲ ወናፍና ዋሽንት ተገናኙ እንበል። ምን ይወጣል? የቧንቧ ኦርጋን የሚባለው ትልቅ የሙዚቃ መሣሪያ ይወጣል።

ዛሬ የምናወራው በሆላንድ አገር፣ በሃርለም ከተማ ስላለው ኦርጋን ነው። የሚገኘው በቅዱስ ባቮ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ነው። የሠራው ክርስቲያን ሙለር የተባለ ባለሙያ ነው። ሥራው በአውሮፓ አቆጣጠር በ1735 ተጀመረ። በ1738 አለቀ። ሦስት ዓመት ፈጀ ማለት ነው።

ኦርጋኑ ከ5,000 በላይ ቧንቧዎች አሉት። ብዙዎቹ የተሠሩት እርሳስ ከሌላ ማዕድን ጋር ቀልጦ ነው። ይህ የምትጽፉበት እርሳስ አይደለም፤ ጥይት የሚሠራበት ማዕድን ነው። ረጅሙ ቧንቧ 10 ሜትር ያህላል። የስድስት ሰው ቁመት ነው። ትንንሾቹ ከጣት ይቀጥናሉ። ረጅሙ ወፍራም ድምፅ ይሰጣል። አጭሩ ቀጭን ድምፅ ይሰጣል።

ተጫዋቹ በጣቶቹ ቁልፎችን ይጫናል። በእግሮቹም ይረግጣል። ቁልፉ ሲጫን የቧንቧው በር ይከፈታል። ነፋስ ይገባል። ቧንቧው ይጮኻል።

ታዲያ ነፋሱ ከየት ይመጣል? ከወናፍ ነዋ! ያን ጊዜ ኤሌክትሪክ አልነበረም። ትልልቆቹን ወናፎች ሰዎች በጉልበታቸው ያናፉ ነበር። እነሱ ካረፉ ነፋሱ ያልቃል። ነፋሱ ካለቀ ያ ሁሉ ቧንቧ ዝም ይላል።

በአውሮፓ አቆጣጠር በ1766 ሞዛርት የሚባል ልጅ ይህን ኦርጋን ተጫወተ። ዕድሜው ገና 10 ዓመት ነበር። በኋላ በዓለም የታወቀ የሙዚቃ ደራሲ ሆነ። ስለ ኦርጋኑ የሚያወራ ሁሉ የሞዛርትን ስም ያነሣል። እኔን የገረመኝ ግን ሌላ ነው። ያን ቀን ከኋላ ሆነው ወናፉን ያናፉትን ማን ያነሣቸዋል? ልጁ ያለ እነሱ አንዲት ድምፅ እንኳ ማውጣት አይችልም ነበር።

ዛሬ ነፋሱን የሚሰጠው የኤሌክትሪክ ሞተር ነው። ኦርጋኑ ታድሶ አሁንም ይጫወታል። ላባቸውን ያፈሰሱት ሰዎች ግን የሉም።

ተወያዩበት፦ በአካባቢያችሁ ትልቅ ሥራ ሲሠራ ከኋላ ወናፉን የሚያናፋው ማን ነው? ስሙንስ ትጠሩታላችሁ?