«ኤንዛይሙ ኖርማል ነው» አይበቃም!

የሄፓታይተስ ሲ ምርመራው ፖዘቲቭ ሆኖ ሳለ፣ የጉበት ኤንዛይሙ ኖርማል ስለሆነ ብቻ «ሲጨምር ትመጣለህ» ተብሎ ወደ ቤቱ የሚሸኝ ሰው ባየሁ ቁጥር ያንገበግበኛል። ሲጨምር? ይጨምራል ያለውስ ማን ነው? ኤኤልቲ የተባለው የጉበት ኤንዛይም ወደ ደም የሚፈሰው የጉበት ሴል ሲጎዳ ነው። ቫይረሱን አይቆጥርም፤ ለዓመታት የተጠራቀመውን ጠባሳም አይለካም። ቫይረሱ በደማቸው ውስጥ እየተራባ ኤኤልቲያቸው ለዓመታት ከመደበኛው መጠን የማያልፍ ብዙ ናቸው፤ ከእነሱም መካከል ጉበቱ ወደ ሲሮሲስ (ወደ ከባድ ጠባሳ) የሚያመራ አለ። ኤንዛይሙ እስኪያሻቅብ መጠበቅ «ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ» ነው።

የአጎቴን የላብራቶሪ ወረቀቶች አንድ በአንድ አይቻቸዋለሁ። ኤኤልቲ 34፣ ሌላው የጉበት ኤንዛይም ኤኤስቲ ደግሞ 39። ሁለቱም ከ40 በታች ስለሆኑ «ጉበትህ ደህና ነው» ተባለ። በዚያው ቀን በተሠራው የደም ቆጠራ ላይ ግን ፕሌትሌቱ (ደም የሚያረጋው ሴል) 92 ሺህ ነበር፤ ዝቅተኛው መደበኛ መጠን 150 ሺህ መሆኑ ከጎኑ ታትሟል። ሁለቱን ወረቀት ጎን ለጎን አድርጎ ያነበበ ሰው አልነበረም። ጉበት በጠባሳ ሲደድር ደም እንደልቡ አያልፍበትም፤ ጣፊያ ያብጣል፣ ፕሌትሌቱንም ይዞ ያስቀራል። ፊብ-4 የሚባል ቀላል ስሌት አለ፦ ዕድሜን በኤኤስቲ ማባዛት፣ ከዚያ ውጤቱን ለፕሌትሌት (በሺህ ተቆጥሮ) እና ለኤኤልቲ ስኩዌር ሩት ብዜት ማካፈል። አጎቴ 58 ዓመቱ ነበር። በስልኬ ካልኩሌተር ሳሰላው 4.2 መጣ። ከ3.25 በላይ ከሆነ ከባድ የጉበት ጠባሳ ይጠረጠራል። ለዚህ ተጨማሪ መሣሪያም ተጨማሪ ክፍያም አላስፈለገም፤ ያስፈለገው የአንድ ደቂቃ ትኩረት ነበር።

ሁለተኛዋ ሰበብ ደግሞ «የቫይረሱ ዓይነት (ጂኖታይፑ) ሳይታወቅ ሕክምና አይጀመርም» የምትለው ናት። ኢንተርፌሮን የሚባለው መርፌ በሚሰጥበት ዘመን ምክንያት ነበራት፤ ጂኖታይፕ 1 እና 4 ያለበት ሰው 48 ሳምንት፣ 2 እና 3 ያለበት በአብዛኛው 24 ሳምንት በመርፌ ይሰቃይ ነበር። ያ ዘመን አልፏል። እ.ኤ.አ. በ2016 ሶፎስቡቪርና ቬልፓታስቪርን በአንድ እንክብል የያዘ፣ ከ1 እስከ 6 ላሉት ጂኖታይፖች የሚሠራ መድኃኒት ጸደቀ። የዓለም ጤና ድርጅትም በ2018 ለአዋቂዎች እንዲህ ያሉትን መድኃኒቶች መከረ። በየቀኑ አንድ እንክብል፣ ለ12 ሳምንት!

ጂኖታይፕ ከንቱ ነው እያልኩ አይደለም። ጂኖታይፕ 3 በጉበት ውስጥ ስብ ያከማቻል፣ የደም ኮሌስትሮልንም ዝቅ ያደርጋል፤ ሐኪም ይህን ማወቁ ይጠቅመዋል። በሩዋንዳ የታየው 4አር የተባለው ንዑስ ዓይነትም አንዳንድ መድኃኒቶችን ይቋቋማል፤ ስለዚህ ሕክምናው ያልሠራለት ሰው ጂኖታይፑ ይታይለት። ከኤኤልቲና ከኤኤስቲ ቁጥር ተነስቶ ግን የአንድን በሽተኛ ጂኖታይፕ ማወቅ አይቻልም፤ ጂኖታይፑን ማወቅም ጠባሳው የት እንደደረሰ አይናገርም። የጂኖታይፕ ጥናት ይቀጥል፣ በሽተኛው ግን የጥናቱን ማለቂያ አይጠብቅ።

አገራችን ውስጥ በብዛት የተገኘው ጂኖታይፕ 4 ነው። ግብፅም እንዲሁ። እዚያ ቫይረሱን ያስፋፋው መንግሥት ራሱ ለቢልሃርዚያ ሕክምና ያካሄደው የመርፌ ዘመቻ ነበር፤ በደንብ ያልተቀቀለ መርፌ ከሰው ወደ ሰው ይዞር ነበር። ያው መንግሥት ግን እ.ኤ.አ. በ2018 እና በ2019 ወደ 50 ሚሊዮን የሚጠጋ ሕዝብ መረመረ፣ ቫይረሱ የተገኘባቸውን በነፃ አከመ። አሜሪካ ውስጥ ሶፎስቡቪር ብቻውን ለ12 ሳምንት 84 ሺህ ዶላር ሲጠየቅበት፣ ግብፅ ተደራድራ በወር 300 ዶላር አስገባችው፤ በኋላም አገር ውስጥ አመረተችው። አባይን የምንጋራት አገር የሠራችውን እኛ የማንሠራበት ምክንያት አይታየኝም።

ለቲቢ ምርመራ በየሆስፒታሉ የገባው ጂን ኤክስፐርት የተባለው መሣሪያ፣ ካርትሪጁ ከተገዛለት የሄፓታይተስ ሲን ቫይራል ሎድም (በደም ውስጥ ያለውን የቫይረስ መጠን) ይለካል። ጤና ሚኒስቴር ካርትሪጁን ይግዛ፣ መድኃኒቱንም በጤና መድን ውስጥ ያስገባ።

እናንተም «ፖዘቲቭ ነው፣ ግን ኤንዛይሙ ደህና ነው» ከተባላችሁ እሺ ብላችሁ አትውጡ። ፖዘቲቩ ቫይረሱ አንድ ጊዜ ሰውነታችሁ መግባቱን ብቻ ነው የሚናገረው፤ ሰውነቱ ራሱ ያጸዳው ሰውም ፖዘቲቭ ሊሆን ይችላል። ቫይራል ሎድ ይሠራልኝ በሉ። ቫይረሱ ከተገኘ ደግሞ ፊብ-4 አሰሉልኝ፣ መድኃኒቱንም ጻፉልኝ ብላችሁ ጠይቁ።