ቲቶሪያሉ ሌላ ኖት ማስገልበጫ አይሁን



ሥነ ጽሑፍ ለማጥናት ዩኒቨርስቲ ለሚገቡ አዲስ ተማሪዎች የማጠናከሪያ ትምህርት፣ በተለመደው አጠራር ቲቶሪያል፣ ያስፈልጋል ወይ? እኛ ያስፈልጋል ባዮች ነን። ዳሩ ግን የምንጠይቀው ቲቶሪያል በብዙ ቦታ የለመድነውን ዓይነት አይደለም።

የለመድነው እንዲህ ነው። አስጠኚው ሰሌዳው ዘንድ ይቆማል። በክፍል የተባለውን መልሶ ይላል። «ሴራ ማለት፣ መቼት ማለት፣ ጭብጥ ማለት» እያለ ያስጽፋል። ተማሪው ይገለብጣል። የቀረውን ከስልክ ወደ ስልክ በሚላላከው ማጠቃለያ ይሞላና ይፈተናል፤ ያልፋልም። መጽሐፉን ግን አልገለጠውም። ታዲያ ይህ ምኑ ነው ማጠናከሪያ? ያልተነበበ ነገር እንዴት ይጠናከራል?

ምሳሌ እንጥቀስ። ሐዲስ ዓለማየሁ በ1958 ዓ.ም. ያሳተሙትን «ፍቅር እስከ መቃብር» እንውሰድ። የልብ ወለዱን ጭብጦች አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት ብሎ በቃሉ የሚወጣ ተማሪ ሞልቷል። «ካሣ ዳምጤን ጉዱ ያለው ማነው? ስሙ ይበልጥ የሚነግረን ስለ ካሣ ነው ወይስ ስሙን ስላወጡለት ሰዎች?» ሲባል ግን ዝም ይላል። ዝምታው የስንፍና አይደለም። ጥያቄው ኖቱ ላይ የለማ!

እንግዲህ የሐሳባችን ፍሬ ይህ ነው፦ የሥነ ጽሑፍ ቲቶሪያል ማለት ማንም ያላጠቃለለውን ጽሑፍ ፊት ለፊት አስቀምጦ በጋራ ማንበብና መጠየቅ ነው።

ይህ ከሩቅ የመጣ ነገር አይምሰለን። ዋድላ ከዋሸራና ከጎንጅ ጋር ስሟ የሚነሣው በቅኔዋ ነው። የቅኔ ተማሪ ዕለት በዕለት አዲስ ቅኔ ይቆጥራል፤ ለመምህሩ ይነግራል፤ ይታረማል። ትናንት የተባለውን ቅኔ ዛሬ ሸምድዶ ቢያቀርብ ማንም አይሰማውም። ጀማሪው በሁለት ስንኟ ጉባኤ ቃና ይጀምርና ደረጃ በደረጃ ስምንት ስንኝ ወዳለው መወድስ ይዘልቃል። መምህሩም ብቻቸውን አይደሉም፤ ቀደም ያለው ተማሪ የጀማሪውን ሰምቶ ያቃናለታል። በወሎ የቂርአት ቤቶችም ቢሆን ከሼሁ ፊት የቀራው ደረሳ ተመልሶ ታናሹን ያቀራል። ቲቶሪያል የምንለው ነገር በአገራችን ስሙ እንጂ ሥራው አዲስ አይደለም።

በውጪውም ዓለም ይኸው ታይቷል። በካምብሪጅ ዩኒቨርስቲ ያስተምር የነበረው አይ. ኤ. ሪቻርድስ የደራሲውን ስም እየደበቀ ግጥሞችን ለተማሪዎቹ ሰጣቸው፤ «ያነበባችሁትን ጻፉልኝ» አላቸው። በ1929 እ.ኤ.አ. ውጤቱን በመጽሐፍ ሲያወጣ የታየው ጉድ ነው። ብዙዎቹ የግጥሙን ተራ ትርጉም እንኳ ስተውታል። እንደ ካምብሪጅ ባለው ቦታ እንዲህ ከሆነ፣ የእኛ የአንደኛ ዓመት ተማሪ ቢቸገር ምን ያሳፍራል?

እዚህ ላይ አንድ ክፉ ልማድ እናንሣ። «ቲቶሪያል የደካማ ነው» ይባላል። እገዛ የሚሻው ተማሪ፣ በተለይም ሴት እኅታችን፣ እንዳትባል ብላ ትቀራለች። በ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ፈተና 50 ከመቶና ከዚያ በላይ ያገኙት ከመቶ 3.3 ብቻ እንደነበሩ እናስታውስ። በ2015 ዓ.ም. ዩኒቨርስቲዎች ሬሜዲያል የተባለውን የአቅም ማሻሻያ ትምህርት የጀመሩትም በዚሁ ምክንያት ነው። ስለዚህ እገዛ የጥቂቶች ጉዳይ አይደለም። የንባቡ ክበብ ለጎበዙም ለሰነፉም እኩል ክፍት ይሁን፤ ሰዓቱም ሳይመሽ ይሁን።

አንዳንዶች «መጽሐፍ የለም፤ መምህሩም ጊዜ የለው» ይሉናል። እውነት አላቸው። በ2014 ዓ.ም. ጦርነቱ ደሴና ኮምቦልቻ በደረሰ ጊዜ ወሎ ዩኒቨርስቲ ሳይቀር ተዘርፏል። ቢሆንም አንድ መጽሐፍ ላለው ቡድን ሁነኛው መድኃኒት አንዱ ጮክ ብሎ ሲያነብ ሌላው ማዳመጥ ነው። ወጋየሁ ንጋቱ «ፍቅር እስከ መቃብር»ን በሬዲዮ ሲተርከው መጽሐፉን ያልያዘው ሁሉ አላዳመጠምን? ጊዜውንም በተመለከተ ሁለተኛና ሦስተኛ ዓመት የደረሱት ለታናናሾቻቸው ይቀመጡ። መምህሩ አስጠኚዎቹን ያሠልጥን፤ በየሳምንቱም ይጠይቃቸው። ድካማቸውም እንደ ሥራ ይቆጠርላቸው።

መጽሐፍ ጨርሶ ከታጣ ደግሞ ሰኞ ገበያ አለልን! አስጠኚው ተማሪዎቹን ሰኞ ዕለት ደብተር አስይዞ ይላካቸው። ሻጭ ዕቃውን ሲያሞግስ፣ ገዢ ሲያጣጥል፣ አዛውንት ሲመርቁ የሰሙትን አንድ አንድ ይዘው ይምጡ። ሰዎቹን ግን አስቀድመው ያስፈቅዱ። ከዚያ አንድ ምርቃት ሰሌዳ ላይ ይጻፍና ይጠየቅ፦ የትኛው ቃል ተደገመ? ለምን? አሚን የሚባለው የት ላይ ነው? «አሚን» ባይባልበት ምን ይጎድለዋል? ለዚህ ኖት የለም፤ ማጠቃለያም የለም። ተማሪው በራሱ ጆሮና በራሱ አእምሮ ከመሥራት በቀር አማራጭ የለውም። ድግግሞሽና ምት የሚባሉትን ነገሮች አንድ ጊዜ በዚህ መንገድ ካገኛቸው ዕድሜ ልኩን አይረሳቸውም።

አሠራሩ ቀላል ነው። ከስድስት እስከ ስምንት ሰው ክብ ሠርቶ ይቀመጥ። ለሳምንቱ አንድ አጭር ልብ ወለድ ወይም አንድ ግጥም ይበቃል። አስጠኚው የመጀመሪያውን ጥያቄ ይጠይቅና ዝም ይበል፤ ዝምታው ቢረዝምም አይፍራ። የፈራውን «አብሽር፣ የታየህን ተናገር» ይበለው። መልስ የሰጠ ሁሉ «ከጽሑፉ የትኛው ቦታ?» ተብሎ ይጠየቅ። በመጨረሻም እያንዳንዱ ግማሽ ገጽ ይጻፍ። አስጠኚው ሃያ ስሕተት በቀይ ከሚያሰምርበት አንዱን ዋና ነገር ያሳየው፤ በሚቀጥለው ሳምንት ያንኑ አሻሽሎ ይምጣ።

«ይህ የዩኒቨርስቲ ጉዳይ ነው፤ እኛን ምን አገባን?» የሚል እጩ መምህር ካለ ተሳስቷል። ነገ ተሁለደሬ፣ ኩታበር ወይም ቃሉ ተመድበን የምናስተምረው ሕፃን ከነገ ወዲያ ዩኒቨርስቲ ይገባል። ኖት መገልበጥን ያስተማርነው እኛ ከሆንን፣ እዚያ ሄዶ ከየት አምጥቶ ይጠይቃል? ተረት ካነበብንለት በኋላ «ተረቱ ምን ያስተምራል?» ብለን መልሱን ራሳችን ባንጽፍለት፣ «ጦጣዋ ለምን እንዲህ አደረገች ትላለህ?» ብለን ብንጠብቀው ምን ይቸግረናል?

ስለዚህ የሥነ ጽሑፍና የቋንቋ መምህሮቻችን አንድ ሰዓት ይመድቡልን፤ እኛም እንሰብሰብ። ከወሎ ዩኒቨርስቲ የሥነ ጽሑፍ ተማሪዎች ጋርም ተገናኝተን አብረን ብናነብ ለሁለታችንም ይበጃል። የመጀመሪያው ጽሑፍ ምን ይሁን የሚለውን ከእናንተ እንጠብቃለን። ተቃውሞም ያለው ይጻፍ፤ ሰሌዳው የሁላችንም ነው።