የዘር ሐረግና የአእምሮ ሕመም

ጋብቻ በሚታሰብበት ጊዜ ሽማግሌዎች አጥብቀው ከሚመረምሩት ነገር አንዱ፣ በወገን መካከል አእምሮው የታወከ ሰው መኖር አለመኖሩ ነው። አለ ከተባለ ነገሩ በዚያው ይቀራል፤ ጤነኛዪቱም ልጅ የአጎቷን ሕመም እንደ ዕዳ ትከፍላለች። ጥያቄው ፈጽሞ መሠረት የለውም ለማለት አይቻልም፤ ከእርሱ የሚወጣው ፍርድ ግን ከመጠን ያለፈ ነው።

ስኪዞፍሬኒያ የተባለው፣ ሌላው የማይሰማውን ድምፅ የሚያሰማና ሐሳብን የሚበታትን ሕመም፣ በዘር መካከል የሚመላለስ መሆኑ ተረጋግጧል። ከሕዝብ መካከል በዕድሜ ዘመናቸው የሚይዛቸው ከመቶ አንድ ያህል ሲሆኑ፣ ወላጅ ወይም ወንድም የታመመባቸው ግን ከመቶ ወደ 10 ይደርሳሉ። ሊዮናርድ ሄስተን የተባሉት ሐኪም በአውሮፓ አቆጣጠር በ1966 ዓ.ም. ባወጡት ጥናት፣ በአሜሪካ በኦሬጎን ከታመሙ እናቶች ተወልደው ከሕፃንነታቸው ጀምሮ በሌላ እጅ ካደጉት 47 ልጆች 5ቱ ታመው ተገኝተዋል። ከሌሎች እናቶች ተወልደው እንደዚሁ ካደጉት 50 ልጆች ግን አንድም አልታመመም።

ይሁን እንጂ ይኸው ቁጥር ከ47ቱ 42ቱን ሕመሙ እንዳልያዛቸው ይመሰክራል። ፍጹም ተመሳሳይ ከሆኑት መንትዮች እንኳ አንዱ ሲታመም ሌላው የሚታመመው ቢበዛ በግማሹ ያህል ነው። ከታማሚው ዘመዶች አንዳንዶቹ ተጠራጣሪነትና ብቸኝነትን መውደድ ቢታይባቸውም፣ ሥራቸውን ሠርተው፣ ቤታቸውን አስተዳድረው ይኖራሉ። እንግዲህ የሚወረሰው ዝንባሌው እንጂ ሕመሙ ራሱ አይደለም።

ፍርዱ የሚያመጣው ጉዳት ግን መደበቅ ነው። በኢትዮጵያ በቡታጅራ አካባቢ ተደርጎ በ2001 ዓ.ም. በአውሮፓ አቆጣጠር በታተመ ጥናት፣ ከባድ የአእምሮ ሕመም ያለባቸው ሰዎች 178 ዘመዶች ተጠይቀው፣ ከአራቱ ሦስቱ ነቀፌታና መገለል እንደሚሰማቸው ሲናገሩ፣ ከመቶ 37ቱ የዘመዳቸውን ሕመም ለመሰወር ይፈልጉ ነበር። የተሰወረ በሽተኛም ሐኪም ዘንድ የሚደርሰው ሕመሙ ከጸና በኋላ ነው።

አስተዋይ ነጋዴ ከመቶ 10 ኪሳራ የሚያሰጋውን ንግድ በጥንቃቄ ይይዘዋል እንጂ ሱቁን አይዘጋም። ሕመሙ የታየበት ቤተ ሰብም ልጆቹን ከሐሺሽ ሊጠብቅ፣ ወጣቱ ትምህርቱን ጥሎ ከሰው መሸሽ ሲጀምርም ሳይዘገይ ወደ ሐኪም ሊወስደው ይገባዋል። ሹሙም ሠራተኛን በሥራው ይመዝን እንጂ በአጎቱ ሕመም አይፍረድበት። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም፤ እንዲደብቅ ያስገደደውም ከወቀሳ አያመልጥም።