የስንብት ክፍያ ችሮታ አይደለም

ባለፈው ዕረፍት ከጣርማ በር ቁልቁል ወርደን ሸዋ ሮቢት በሰነበትንበት ጊዜ፥ አንድ አዛውንት የሽንኩርት እርሻ ዘበኛ የስንብት ወረቀታቸውን ይዘው መጡና «ልጆቼ፥ ተምራችኋልና እስቲ ይህን ተመልከቱልኝ» አሉን። ዘጠኝ ዓመት ሙሉ አገልግለው በገዛ ፈቃዳቸው ለቀዋል። ሲቀጠሩ የወር ደመወዛቸው 900 ብር ነበር፤ ሲለቁ 3,000 ደርሷል። አሠሪያቸው በጥንቱ 900 አስልቶ 3,300 ብር ሰጣቸው፤ እሳቸውም መርቀው ተቀበሉ።

ሕጉ የሚለው ግን ሌላ ነው። በአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት፥ ከአምስት ዓመት ያላነሰ ያገለገለና የሥልጠና ግዴታ የሌለበት ሠራተኛ በፈቃዱ ቢለቅም የስንብት ክፍያ ይገባዋል። ለመጀመሪያው ዓመት፥ በመጨረሻው ሳምንት ያገኝ የነበረው አማካይ የቀን ደመወዝ በ30 ይባዛል፤ ለእያንዳንዱ ተጨማሪ ዓመት የዚሁ ሲሶ ይታከላል፤ ድምሩ ከ12 ወር ደመወዝ አይበልጥም። የእኒህ አባት የቀን ደመወዝ 100 ብር ነው። የመጀመሪያው ዓመት 3,000፤ ሲሶው 1,000 በስምንት ዓመት 8,000፤ በጠቅላላው 11,000 ብር። የጎደላቸው 7,700 ብር ነው!

የይፋት ገበሬ ሲሶ የሚባለውን ቃል ከጥንት ጀምሮ ያውቀዋል። በአዋጁ ውስጥ እሱም ሲሶ እንዳለው ግን ማን ነገረው?

አንዳንድ አሠሪዎች «አነስተኛ እርሻ ይህን ያህል ገንዘብ በአንድ ጊዜ ከየት ያመጣል?» ይላሉ። ዕዳው ግን በአንድ ቀን የመጣ አይደለም፤ በየዓመቱ ሲሶ ሲሶ እያለ ያደገ ነው። በየዓመቱ ያስቀመጠ አሠሪ በስንብት ቀን አይደነግጥም። ክፍያውም ውሉ በተቋረጠ በሰባት የሥራ ቀን ውስጥ መፈጸም አለበት።

ከሁሉ የከፋው ዝምታው ነው። ከሥራ መሰናበት የሚመነጭ የክፍያ ጥያቄ በስድስት ወር ውስጥ ካልቀረበ በይርጋ ይቀራል። እኒህ አባት ወደ እኛ ሲመጡ አምስተኛ ወራቸው ነበር። አንድ ወር ቢዘገዩ ኖሮ የዘጠኝ ዓመት ሌሊት ጥበቃ በከንቱ አይቀርምን?

ስለዚህ የምንጠይቀው ይህን ነው። አሠሪ ሁሉ ለተሰናባቹ ገንዘቡን ብቻ ሳይሆን ስሌቱንም ጽፎ ይስጠው። የሕግ ተማሪዎችና መምህራኖቻችን ይህን አንቀጽ በአንድ ገጽ ተራ አማርኛ ያዘጋጁልን፤ እኛም በየዕረፍቱ ወደየአገራችን ይዘነው እንውረድ። ማባዛትና ማካፈል የተማርነው ለፈተና ብቻ ነውን?

የአዛውንቱን አቤቱታ አብረን ጽፈን ሰጥተናቸዋል። በሕግ አምላክ ሲባል ወራጅ ውሃ ይቆማል ይባል ነበር፤ ቃሉን የሚያውቀው ሰው ግን መጀመሪያ ሊኖር ይገባል።