ከሽልማቱ በፊት የደከመው ማነው?

አዝመራው ሲያምር የማያደንቅ የለም፤ መሬቱን በደረቅ ያረሰውን ግን የሚያስታውሰው ጥቂት ሰው ነው። ስለ መጻሕፍት ሽልማት የሚነገረውም ወሬ እንደዚሁ ነው።

እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር ግንቦት 20 ቀን 2025 ዓ.ም. ሎንዶን ላይ ዓለም አቀፉ የቡከር ሽልማት ለህንዳዊቱ ደራሲ ለወይዘሮ ባኑ ሙሽታቅና ሥራቸውን ወደ እንግሊዝኛ ለመለሱት ለዲፓ ባስቲ ተሰጠ። መጽሐፉ «ሃርት ላምፕ» ይባላል፤ የልብ መብራት እንደ ማለት ነው። በደቡብ ህንድ በካርናታካ በሚነገረው በካነዳ ቋንቋ የተጻፉ 12 አጫጭር ታሪኮችን የያዘ ሲሆን፣ ደራሲዋ የጻፏቸው ከ1990 እስከ 2023 ባለው ጊዜ ውስጥ ነው። የአጫጭር ታሪኮች መድበል ይህን ሽልማት ሲያገኝ የመጀመሪያው ነው። 50,000 ፓውንዱም ለደራሲዋና ለተርጓሚዋ እኩል ተከፈለ።

መጽሐፉን ያሳተመው «ኤንድ አዘር ስቶሪስ» የተባለ፣ በብረት ሥራዋ በታወቀችው በሼፊልድ ከተማ የሚገኝ አነስተኛ ድርጅት ነው። ትልቅ ከበርቴ የለውም። ገና ላልታተሙ መጻሕፍት አስቀድመው ዋጋ የሚከፍሉ አንባቢዎች አሉት፤ ስማቸውም በመጽሐፉ መጨረሻ ይታተማል። ነገሩ ከእኛ እቁብ ጋር ይቀራረባል፤ የአንዱ ሰው ገንዘብ ጥቂት ነው፤ ሲሰበሰብ ግን መጽሐፍ ያወጣል። ታላላቆቹ አሳታሚዎች ለገበያ አይሆንም ያሉትን የዴቦራ ሌቪን «ስዊሚንግ ሆም» በ2011 ያሳተመው ይኸው ድርጅት ነበር፤ መጽሐፉም በ2012 ለቡከር ሽልማት ከመጨረሻዎቹ ዕጩዎች አንዱ ሆነ። ደራሲዋ ካሚላ ሻምሲ አሳታሚዎች አንድ ዓመት የሴቶችን ሥራ ብቻ ያሳትሙ ብለው በ2015 ያቀረቡትን ጥሪም ተቀብሎ በ2018 ፈጽሞታል።

እንግዲህ ዳኞቹ ከመሰብሰባቸው በፊት ሦስት ሰዎች ደክመዋል፤ ደራሲው፣ ተርጓሚውና አስቀድሞ የከፈለው አንባቢ። ከሦስቱ አንዱ ቢጐድል ዳኛው የሚያነበው መጽሐፍ ባልኖረ ነበር።

ይህ ጉዳይ ለእኛም ሩቅ አይደለም። በ1975 ዓ.ም. የታተመው የበዓሉ ግርማ «ኦሮማይ» በመስፍን ፈለቀ ይርጉና በዴቪድ ደጉስታ ተተርጕሞ ለእንግሊዝኛ አንባቢ የደረሰው በ2017 ዓ.ም. ነው። በመካከሉ ከ40 ዓመት በላይ አልፏል። ልብ ወለዱ በዚያን ሁሉ ጊዜ ያው ልብ ወለድ ነበር፤ የጐደለው ተርጓሚና አሳታሚ ነው።

አማርኛ የሎንዶን ዳኛ ካልመሰከረለት ዋጋ የለውም ማለታችን አይደለም። አንድ ሥራ በቋንቋው ተናጋሪዎች ዘንድ መወደዱ ከሁሉ ይቀድማል። ነገር ግን ለምን አልተሸለምንም እያሉ ማማረር ብቻውን የትም አያደርስም።

ስለዚህ ሁለት ቋንቋ አጥርቶ የሚያውቅ ተማሪ ትርጕምን የደራሲ ጭራ አድርጎ ሳይሆን ራሱን የቻለ ሙያ አድርጎ ይመልከተው። ደመወዝ መቀበል የጀመረው ወጣት ሠራተኛም ከወዳጆቹ ጋር ሆኖ ገና ላልታተመ አንድ ድርሰት በየወሩ ጥቂት ቢያዋጣ፣ ነገ ለሚጨበጨብለት መጽሐፍ ዛሬ መሬቱን አረሰ ማለት ነው።