የተሰረቀ ልብስና የተከበረ ሰው

በ1923 እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ቻርሊ ቻፕሊን በሠራው «ዘ ፒልግሪም» በተባለው ድምፅ የሌለው ፊልም የሚሣቀው በሌባው ላይ ይመስላል፤ በእኛ አስተያየት ግን በተቀባዮቹ ላይ ነው።

ከወህኒ ያመለጠ እስረኛ አንድ ሰባኪ ሊዋኝ ያወለቀውን ልብስ ሰርቆ በባቡር ወደ ቴክሳስ ይሄዳል። በዚያም አዲስ ሰባኪ ይጠብቁ የነበሩ የአንዲት ትንሽ ከተማ ምእመናን በክብር ተቀብለው ወደ ቤተ ክርስቲያናቸው ይወስዱታል፤ እርሱም የዳዊትንና የጎልያድን ታሪክ በእጅና በእግሩ እያሳየ ይሰብካል። ማን እንደ ላከው፥ ወረቀቱስ ወዴት እንዳለ የጠየቀው አንድ ስንኳ የለም፤ ጥቁሩ ልብስ አስቀድሞ መልሶላቸዋልና።

ድምፅ በሌለው ፊልም ልብስ የተዋናዩ አንደበት ነው (ለእኛ ለአስተርጓሚዎችም ብዙ ሥራ አይተውም)። በጽሕፈት ቤትና በሱቅ ግን ማኅተምም መዝገብም አለ። ይህ ሁሉ ሳለ ኮቱ ላማረለት ያለ ዋስ ዱቤ የሚሰጥ ነጋዴ፥ የወርቅ ቁልፍ ባየ ጊዜ ከወንበሩ የሚነሣ ሹም በዚያች ከተማ ሰዎች ሊሥቅ አይገባውም። ነጠላው ያረጀበት ባለ ጉዳይ ግን ማመልከቻውን እንደ ያዘ ከበር ውሎ ይመለሳል።

በፊልሙ መጨረሻ ያ እስረኛ ላሳደረችው ሴት የተሰረቀባትን ገንዘብ ያስመልስላታል። ሸሪፉም ማንነቱን ካወቀ በኋላ ወደ ሜክሲኮ ድንበር ወስዶ ለቀቀው።