ያገለገሉ ባትሪዎች፣ ቅጣትና የመያዣ ክፍያ

በመቐለ ቀዳማይ ወያነ ክፍለ ከተማ የሞተ የመኪና ባትሪ እንደ ቆሻሻ አይጣልም፤ እርሳስ ገንዘብ ነውና። ከክብደቱ ከግማሽ በላይ የሚሆነው እርሳስ ስለሆነ ቁራሌው ይገዛዋል፣ ነጋዴው ያጠራቅመዋል። በጦርነቱ ዓመታት መብራት ተቋርጦ ሳለ ከፀሐይ ኃይል ጋር ተገናኝተው ቤት ያበሩ ባትሪዎችም ዕድሜያቸው ሲያልቅ መንገዳቸው ይኸው ነው።

ጉዳቱ የሚጀምረው ከዚህ በኋላ ነው። ገዢ ለፈሳሽ ስለማይከፍል እርሳስ የተቀላቀለበት አሲድ አስቀድሞ መሬት ላይ ይደፋል። በዳካር አቅራቢያ በምትገኘው ቲያሮይ ሱር ሜር ባትሪ ይፈታበት በነበረ ሰፈር እ.ኤ.አ. በ2007 እና በ2008 መካከል 18 ሕፃናት ሞተዋል።

የአደገኛ ቆሻሻ አያያዝና አወጋገድ ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 1090/2010 በሥራ ላይ ነው። ይሁንና ቅጣትን ፈርቶ ወጪ የሚያወጣው ፈቃድ ያለው ድርጅት ብቻ ነው። የጭስ ማጣሪያና የአሲድ ማከሚያ የገዛ ድርጅት፣ በጓሮው ከሚያቀልጥ ሰው ጋር በባትሪ ዋጋ ሲሻማ ይሸነፋል። ቅጣቱ ብቻውን በጠበቀ ቁጥር ባትሪው ወደ ጓሮው ያደላል።

በጸሐፊው እምነት ማበረታቻው መድረስ ያለበት ባትሪውን አሲዱን ሳይደፋ ላስረከበ ሰው ነው። አሠራሩ እንግዳ አይደለም፤ ቢራ በሣጥን የሚገዛ ባዶ ጠርሙስ ይመልሳል፣ ከሌለው መያዣ ይከፍላል። በጀርመን አሮጌውን ሳይመልስ አዲስ የመኪና ባትሪ የሚገዛ ሰው 7.50 ዩሮ ያስይዛል። በእኛ ሁኔታ መያዣው ከእርሳሱ ዋጋ ጋር ተደምሮ ጓሮው ከሚከፍለው ካልበለጠ ከንቱ ነው። ሙከራውን በከተማው ካሉ የአዲስ ባትሪ ሻጮች መጀመር ይቻላል።

ለሊቲየም ስሌቱ ይገለበጣል። መንግሥት በ2014 ዓ.ም. የኤሌክትሪክ ተሽከርካሪዎችን ከተጨማሪ እሴት ታክስ፣ ከኤክሳይዝና ከሱር ታክስ ነጻ አደረገ፤ በ2016 ዓ.ም. የነዳጅ አውቶሞቢሎች እንዳይገቡ ከለከለ። ይሁን እንጂ የሊቲየም ብረት ፎስፌት ባትሪ ኮባልትም ኒኬልም ስለሌለው ከውስጡ የሚገኘው ማዕድን የመፍቻውን ወጪ ላይሸፍን ይችላል፤ ቁራሌው በነጻ እንኳ ላይወስደው ይችላል። እዚህ ላይ ክፍያው ተሽከርካሪው ሲገባ ከአስመጪው ቢሰበሰብ፣ የተዳከሙ ባትሪዎችን ፈትሾ ለፀሐይ ኃይል ማከማቻ ለሚያውል ወርክሾፕ በሚያድሰው ኪሎዋት ሰዓት ልክ ሊከፈል ይችላል። አቅሙ ወደ 80 በመቶ የወረደ ባትሪ ለመኪና ቢደክምም ለቤት መብራት ገና ብዙ ዓመት ያገለግላል።